ፎቶግራፍ የሌለበት የምረጡኝ ገጽ

ሙሐረም 1 ቀን 1426 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2005፣ የሪያድ ወንዶች ለማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አባላት ድምፅ ለመስጠት ወደ ምርጫ ጣቢያዎች አመሩ። ዕለቱ በሦስት ዙር የተካሄደው አገር አቀፍ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ መክፈቻ ነበር። የምክር ቤቶቹ አባላት እኩሌታ በሕዝብ እንዲመረጥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የወሰነው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ሲሆን፣ በሪያድ ከተማ ለምርጫ ለቀረቡት ሰባት መቀመጫዎች ከ640 በላይ ዕጩዎች ተመዝግበዋል። ለአንድ መቀመጫ ከዘጠና በላይ ሰው ማለት ነው።

ይህን ያህል ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ፣ ከሁለት ሳምንት ባነሰ የቅስቀሳ ጊዜ፣ ራሱን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ነበረበት። በየባዶ ቦታው ድንኳን ተተከለ። ምሽት ምሽት እንግዳ ይጠራል፤ ቡና ይቀዳል፤ ከብሳ ይቀርባል፤ ምሁራን ንግግር ያደርጋሉ። ጋዜጦች በዕጩዎች ማስታወቂያ ተሞሉ፤ በዋና ዋና መንገዶች ዳርም ሰሌዳዎች ቆሙ። አንዳንዶቹም ለአገሩ ምርጫ ፈጽሞ አዲስ የነበረውን ነገር ሞከሩ፤ የራሳቸውን ድረ-ገጽ ከፈቱ።

ችግሩ ሁሉም ሌላውን መምሰሉ ነበር። ነጭ ቶብ፣ ቀይና ነጭ ሽማግ፣ የረጋ ፈገግታ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ስምና የትምህርት ደረጃ፣ ከዚያም ስለ ጽዳት፣ ስለ መንገድና ስለ መናፈሻ የሚገባ ቃል። በዚህ ዕጩዎቹን መውቀስ አይገባም። የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ሥልጣኑ የታወቀ ነው፤ ጎዳና፣ ጽዳት፣ መብራት፣ የከተማ ፕላን። ስለ ውጭ ጉዳይ ወይም ስለ ነዳጅ ዋጋ ቃል የሚገባ ዕጩ የማይመለከተውን ተናገረ ይባላል። ሥራው አንድ ሲሆን ቃሉም አንድ ሆነ፤ የአገሩ የክብር ልብስ አንድ ስለሆነም ፎቶግራፉ አንድ መሰለ።

መራጩ ግን መምረጥ ነበረበት፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሪያድ በሰባት የምርጫ ክልሎች ተከፍላ ስለነበር፣ በሥርዓቱ መሠረት እያንዳንዱ መራጭ በሚኖርበት ክልል ሳይወሰን ከሰባቱም ክልሎች አንዳንድ ዕጩ ይመርጥ ነበር። ከስድስት መቶ አርባ ፊቶች መካከል ሰባቱን፣ አብዛኞቹን ጎረቤቱ ያልሆኑትን፣ ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። ሰሌዳውም፣ የጋዜጣ ማስታወቂያውም፣ ድረ-ገጹም በዚህ ረገድ ብዙ አላገዙትም።

ያገዘው ሌላ ነገር ነበር። ከምርጫው ቀደም ባሉት ቀናት በተንቀሳቃሽ ስልክና በኢንተርኔት አንድ የስም ዝርዝር ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። የታወቁ የሃይማኖት ሊቃውንት የደገፏቸውን ዕጩዎች የያዘ ነው ተባለ፤ «ወርቃማው ዝርዝር» የሚል ስምም ወጣለት። ሥዕል አልነበረውም፤ ቀለም አልነበረውም፤ አርማ አልነበረውም። በሪያድ ከተማ ያሸነፉት ሰባቱም ሰዎች በዚያ ዝርዝር ላይ ስማቸው የነበረ ናቸው። የተሸነፉ ዕጩዎች ዝርዝሩ ደንብ ይጥሳል ሲሉ ቅሬታ አቀረቡ።

ስለዚያ ዝርዝር ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈውም በአብዛኛው ስለ ፖለቲካው ነው። የንድፍ ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጩዎች ተለይተው ለመታየት ገንዘብ አፈሰሱ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ለመለየት ስለሞከሩ ማንም አልተለየም። መራጩም ሁሉም ሲመሳሰሉበት ከገጹ ላይ ዓይኑን አነሣና የሚያምነውን ሰው ጠየቀ። በተመሳሳይነት መካከል የተቸገረ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዘመድ ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ጓደኛ የላከለትን መልእክት ይከተላል። ገጹ የተሠራው ለመራጩ ነበር፤ የወሰነው ግን ከገጹ ውጭ ያለ ሰው ሆነ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ

በረቢዕ አል-አወል 1 ቀን 1437 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2015፣ ሦስተኛው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሲካሄድ ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። ንጉሥ ዐብደላህ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ባስታወቁት መሠረት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ፤ ተመረጡም። የመራጭነት ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ዓመት ዝቅ አለ። በሕዝብ የሚመረጡት አባላት ድርሻም ከእኩሌታ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ አለ። በመላ አገሪቱ ወደ 7,000 የሚጠጉ ዕጩዎች ሲወዳደሩ፣ ከመካከላቸው ከ970 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ።

ከአዲሶቹ የቅስቀሳ ደንቦች ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ፎቶግራፍን የሚመለከተው ነው። ዕጩዎች ምስላቸውን ለቅስቀሳ እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ። ክልከላው በሴቶች ላይ ብቻ የተጣለ አልነበረም፤ ወንዶችንም በእኩል አካቷል። ሴት ዕጩዎች ለወንድ መራጮች ንግግር ሲያደርጉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ወይም በወንድ ወኪል በኩል እንዲሆን ተደነገገ። በዚህም የተነሣ የድንኳኑ ቅስቀሳ ለሴቶቹ የማይመች ሆነ፤ ብዙዎቹም ወደ ማኅበራዊ መገናኛዎች፣ በተለይም ወደ ትዊተር አዘነበሉ። በስክሪን ላይ የተጻፈ ቃል መጋረጃ አያስፈልገውም፤ ወንዱም ሴቷም እኩል ያነቡታል።

ፎቶግራፍ ሲነሣ ከምረጡኝ ገጽ ላይ ምን ይቀራል? ስም፣ መፈክር፣ ቀለም፣ የፊደል ቅርጽና የሚገባው ቃል ይቀራሉ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን፣ ውጤቱ እንደ ትልቅ ሙከራ ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት የገጾቹ መመሳሰል የመጣው ከፎቶግራፉ ቢሆን ኖሮ፣ ፎቶግራፉ ሲቀር ልዩነት በታየ ነበር። እንዲያ አልሆነም። የተሻለ መንገድ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የወጣቶች ማዕከል፣ የተሻለ የቆሻሻ አሰባሰብ፣ ይበልጥ አረንጓዴ የሆነ ከተማ፤ ቃሎቹ በየገጹ ተደጋገሙ። ከመካከላቸው በእርግጥ አዲስ የሆኑ ነበሩ፤ የሕፃናት መዋያ ጉዳይ ሴቶች ወደ ውድድሩ ሲገቡ ጎልቶ የመጣ ነው። ይህ ደግሞ ገጽን የሚለየው ምን እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል። አንድ ገጽ ከሌላው የሚለየው ባለቤቱ ሌላው ያላየውን ነገር አይቶ ሲጽፍበት ነው።

ነጠላ ሁሉ ነጭ ነው፤ የሚለየው ጥለቱ ነው። የሪያድ ልብስ ሰፊዎችም ይህን ያውቃሉ። ቶቡ ሁሉ ነጭ ነው፤ ነገር ግን አንገትጌውንና እጅጌውን ዐይቶ የማን እጅ እንደሰፋው የሚናገር ሰው አይጠፋም።

በዚያ ምርጫ ሃያ ያህል ሴቶች አሸነፉ፤ አራቱ ከሪያድ ነበሩ። መጀመሪያ አሸናፊነቷ የተነገረላት ሰልማ ቢንት ሒዛብ አል-ዑተይቢ ግን ከመካ ክልል ከመድረካ መንደር ናት፤ ሰባት ወንዶችንና ሁለት ሴቶችን ተወዳድራ አሸንፋለች። የመንደርና የትልቅ ከተማ ውድድር አንድ አይደለም። በመንደር መራጩ ስሙን ሲሰማ ቤቱን ያውቀዋል፤ ገጹ ቢያምርም ባያምርም ግድ የለውም። በሪያድ ግን ዕጩው ለአብዛኛው መራጭ እንግዳ ነው፤ ገጹ ካልነገረለት ማንም አይነግርለትም።

ለአንዱ ተለክቶ ለሌላው የተሰፋ

መመሳሰሉ የሪያድ ብቻ ችግር አይደለም። የቅስቀሳ ድረ-ገጽ ከየትኛውም አገር በፊት ባደገባት በአሜሪካም በሽታው የታወቀ ነው፤ እንዴት እንደሚዛመትም ከዚያው መረዳት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የባራክ ኦባማ ዘመቻ ሠራተኞች በድረ-ገጻቸው መግቢያ ላይ ሙከራ አደረጉ። ስድስት ዓይነት ምስልና ቪዲዮ፣ አራት ዓይነት ደግሞ የመጫኛ ቁልፍ ጽሑፍ አዘጋጅተው በጠቅላላው 24 ቅንብሮችን ለጎብኚዎች በዕጣ አሳዩ። ሠራተኞቹ ያሸንፋል ብለው የጠበቁት ቪዲዮውን ነበር። ያሸነፈው ግን ዕጩው ከቤተሰቡ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍና «ይበልጥ ይወቁ» የሚለው ቁልፍ ሆነ። አድራሻቸውን የሚሰጡት ጎብኚዎች ድርሻ ከ8.26 በመቶ ወደ 11.6 በመቶ ወጣ፤ ይህም የ40.6 በመቶ ዕድገት ነው።

ይህ ብልህ ሥራ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከተከታዮቹ ነው። የኦባማን ሰዎች ውጤት የሰማ ሁሉ ሙከራውን ትቶ ውጤቱን ወሰደ፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ አንድ ትልቅ ቁልፍ፣ ሰማያዊ ቀለም። ለአንድ ሰው ቁመት ተለክቶ የተሰፋን ልብስ ሌላው ሳይለካ ለበሰው።

ከሁሉ ይበልጥ የተወራለት ኩረጃ ከዚሁ አካባቢ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008፣ ኦባማ ባሸነፉ በቀናት ውስጥ፣ በእስራኤል ለሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ምርጫ ይዘጋጅ የነበረው የቤንያሚን ኔታንያሁ ዘመቻ ያወጣው ድረ-ገጽ ከኦባማው ጋር ከቀለም እስከ ቁልፎች አቀማመጥ እጅግ የተመሳሰለ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ጋዜጦች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩ፤ የኔታንያሁ አማካሪዎችም ከዚያ መወሰዱን አልካዱም። ሁለቱ ሰዎች በፖለቲካ አቋም እንደሚራራቁ የማያውቅ የለም። አንዱ ገጽ የሌላውን ሰው ቃል ያለ ምንም ችግር ሊሸከም መቻሉ፣ ንድፉ ስለ ተሸከመው ሰው ምንም እንዳልተናገረ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኩረጃው ድካም እንኳ የማይጠይቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስና በ2009 ለዘመቻዎች ተብሎ የተቋቋመው ኔሽንቢልደር በተለምዶ ቴምፕሌት የሚባለውን የገጽ አብነት አዘጋጅተው ያቀርባሉ። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2011 በነፃ የለቀቀው ቡትስትራፕ የተባለ መሣሪያ ደግሞ ገጽን በ12 ዓምዶች ከፋፍሎ ምስሉ የት፣ ቁልፉ የት፣ ሦስቱ ሣጥኖች የት እንደሚቀመጡ አስቀድሞ ይወስናል። ዕጩው ስሙን ይጽፋል፤ ቀለም ይመርጣል፤ ገጹ በአንድ ቀን ያልቃል። ገንዘብ ለሌለው ዕጩ ይህ ትልቅ ውለታ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አብነት ባይኖር ኖሮ ሀብታሙ ብቻ ድረ-ገጽ በኖረው ነበር።

አብነቱን አሽቀንጥሮ የጣለ ሲመጣም የሚሆነው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውዮርክ ለምክር ቤት የተወዳደረችው አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ከቀይና ሰማያዊ ኮከብ ርቃ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ ቀለም፣ ወደ ላይ ያዘነበለ ስም፣ በስሙም ዙሪያ እንደ ስፓኒሽ አጻጻፍ የተገለበጠ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዛ ቀረበች። ታንደም የተባለው የኒውዮርክ የንድፍ ቤት የሠራው ነበር። ምልክቱ ጌጥ አልነበረም፤ በምርጫ ክልሏ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። በዚያው ዓመት በጁን ወር በፓርቲዋ ውስጥ በተደረገው ምርጫ ነባሩን የምክር ቤት አባል ጆ ክራውሊን አሸነፈች። ያዘነበለው ስም ከዚያ በኋላ ስፓኒሽ በማይነገርባቸው ሰፈሮች ዕጩዎች ላይ ጭምር ታየ።

በግዕዝ ፊደል

በሪያድና በጂዳ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በመንግሥቱ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ መራጭ አልነበሩም፤ ምርጫው የዜጎች ነው። በአገራቸው ምርጫም ቢሆን ካሉበት ሆነው ድምፅ አይሰጡም። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ በውጭ አገር የምርጫ ጣቢያ አልተከፈተም። ድንኳኑን አያዩም፤ ከመኪና ላይ የሚለቀቀውን የድምፅ ማጉያ አይሰሙም፤ ዕጩው በሰፈራቸው ሲያልፍ እጁን አይጨብጡም። ያም ሆኖ ወላጆቻቸውና ልጆቻቸው ያሉት እዚያ ነው፤ ለቤት የሚልኩት ገንዘብ የሚመነዘረውም በዚያው መንግሥት ፖሊሲ ነው። ስለዚህ ስለ ዕጩዎቹ የሚያውቁት ሁሉ በስልካቸው ስክሪን ያዩትን ነው። ገጹ ከሌላው ካልተለየ፣ ለእነርሱ ዕጩውም ከሌላው አልተለየም።

በዚያ ስክሪን ላይ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ያንዱ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሌላው ላይ ሣጥንና ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ንያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ፤ ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ የሚታየው የጉግል ኖቶ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ንድፍ አውጪ በሺህ የሚቆጠሩ ቅርጾች ሲኖሩት፣ በአማርኛ የሚሠራው ምርጫው ጠባብ ነው። ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚው፣ ባንኩና የዜና አውታሩ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ይናገራሉ። መመሳሰሉ እዚህ ላይ ከስንፍና ሳይሆን ከእጦት የመጣ ነው።

የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ በወረቀት ዘመን ለዚህ ችግር መፍትሔ ያላት አገር መሆኗ ነው። የምርጫ ሕጓ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱ ምልክት እንዲኖረው፣ የአንዱም ምልክት ከሌላው ጋር እንዳይመሳሰል ያስገድዳል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ በንብ፣ ቅንጅት በሁለት ጣቶች ይታወቁ ነበር፤ በ2013 የብልጽግና ፓርቲ ምልክት አምፖል ነበር። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲገልጥ የማንን ስም እንደሚነካ ያውቃል። በድረ-ገጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ ንቡም አምፖሉም በአንድ ዓይነት አብነት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በገጹ ጥግ ላይ ትንሽ ሥዕል ሆነው ይቀራሉ።

ሲመሳሰል የሚጠቅም

ተመሳሳይነት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ኢቃማውን በአብሸር ያሳደሰ፣ የሥራ ውሉን በቂዋ የተመለከተ፣ በሙሳነድ በኩል ለቤት ሠራተኝነት የመጣ ሰው ይህን ይመሰክራል። የመንግሥቱ የዲጂታል መንግሥት ባለሥልጣን የመንግሥት ድረ-ገጾች በአንድ የንድፍ ሥርዓት እንዲመሩ «የመድረኮች ኮድ» የተባለ መመሪያ አውጥቷል። ቁልፉ ሁልጊዜ በለመደው ቦታ ከተገኘ፣ ዐረብኛን አጥርቶ የማያነብ ሠራተኛ እንኳ አንዱን ገጽ ሲለምድ ሌላውንም ያውቀዋል። የመሥሪያ ቤት ገጽ ሥራው አንድ ነው፤ ጉዳዩን መፈጸም። እዚያ ላይ ልዩ መሆን ባለጉዳይን ማድከም ነው።

የዕጩ ገጽ ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማን እንደሆነ ካላስታወቀ ሌላ የሚፈጽመው ጉዳይ የለውም።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ ደግሞ አደጋ አለ። ገጽ ሁሉ ከአንድ አብነት ሲወጣ፣ ሐሰተኛ ገጽ መሥራት ለአጭበርባሪ ቀላል ይሆናል። የዕጩን ወይም የፓርቲን ገጽ ቀለሙንና አርማውን ገልብጦ፣ ከውጭ አገር ወገኖች መዋጮ የሚጠይቅ ቁልፍ ቢያስቀምጥበት፣ በሪያድ የሚኖር ሰው በዓይኑ አይቶ የሚለይበት መንገድ የለውም። የመሥሪያ ቤት ገጽ ተመስሎ የሚቀርብ ማታለያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት የገጹ መልክ ሳይሆን አድራሻው ነው። የመንግሥቱ የመንግሥት ድረ-ገጾች ከላይ ባለው ቀጭን መስመር ላይ ይፋዊ መሆናቸውን ያሳውቃሉ፤ አድራሻቸውም «ጎቭ ነጥብ ኤስኤ» በሚለው ያበቃል። ለምርጫ ቅስቀሳ ገጾች ግን እንዲህ ያለ የጋራ ማረጋገጫ መስመር የለም፤ መዋጮ የሚሰጥ ሰው አድራሻውን ፓርቲው በይፋ ካስታወቀው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ይኖርበታል።